እንግሊዝኛዬ የት ደርሷል? ለፈተና ከመመዝገብ በፊት ደረጃን ስለማወቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፤ "አይኤልትስ ልመዘገብ ነው" ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ እየደጋገመ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። አይኤልትስ ለውጭ ትምህርት፣ ለሥራና ለኢሚግሬሽን የሚጠየቅ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው።

ኤ1፣ ቢ2 የሚሉት ነገር ምንድነው?

የአውሮፓ ምክር ቤት በፈረንጆች 2001 ያወጣው የቋንቋ መለኪያ ነው። ስድስት እርከን አለው፦ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1፣ ሲ2። ኤ ጀማሪ ነው። ቢ ራሱን የቻለ ነው። ሲ ደግሞ የበሰለ። ትልልቆቹ ፈተናዎች ውጤታቸውን ከዚህ መለኪያ ጋር ያመሳክራሉ።

በኛ አገር ላስረዳው። ሰኞ ነው፣ ባቲ ገበያ ላይ ናችሁ፣ አንድ ፈረንጅ ይመጣል። ስማችሁንና የዕቃውን ዋጋ ከነገራችሁት ኤ1 ናችሁ። ከተከራከራችሁትና መኪና መያዣው በየት በኩል እንደሆነ ካሳያችሁት ኤ2። አረፍ ብላችሁ ትናንት ከደሴ ስትወርዱ መኪናው መንገድ ላይ እንዴት እንደተበላሸና ምን እንዳደረጋችሁ ከተረካችሁለት ቢ1። "ግመል ንግድ ይሻላል ወይስ ከብት?" ብሎ ሲሞግታችሁ ምክንያት እየደረደራችሁ ከመለሳችሁለት ቢ2። ማታ ያንኑ ክርክር ሁለት ገጽ አድርጋችሁ ብዙ ሳትቸገሩ ከጻፋችሁት ሲ1 ገብታችኋል። ሲ2 የምትባለው ቀልዱንም፣ ሽሙጡንም፣ ያልጨረሰውንም ሐሳብ ስትይዙለት ነው።

ደረጃዬን ሳላውቅ ዝም ብዬ ብፈተንስ?

ይቻላል። እኔም አድርጌዋለሁ። ከፈልኩ፣ አዲስ አበባ ሄድኩ፣ ዘመድ ቤት አደርኩ፣ ራይቲንግ (የመጻፍ ክፍሉን) ከ9 5 ይዤ ተመለስኩ። የምፈልገው 6.5 ነበር። ከተመለስኩ በኋላ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሰዓት ይዤ ስጽፍ በ40 ደቂቃ የወጣኝ 160 ቃል ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ደግሞ ቢያንስ 250። ይህን ጉድ በአንድ ደብተርና በአንድ እስክርቢቶ ቀድሜ ማወቅ እችል ነበር።

ፈተናውም ደረጃችሁን ይነግራችኋል፤ ግን በውድ ዋጋ። ክፍያው ከብዙ ሰው የወር ደመወዝ በላይ ነው። መንገዱ፣ አልጋው፣ ከሥራ የቀራችሁበት ቀን ሲደመርበት ያማል።

12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ጥሩ አምጥቻለሁ፤ ዩኒቨርሲቲም በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት። ይህ አይበቃም?

ግማሹን ይነግራችኋል። የ12ኛ ክፍሉ ፈተና ምርጫ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያጠቆርን ነው ያለፍነው። "እስቲ ለሁለት ደቂቃ ተናገር" ያለን የለም። ክፍል ውስጥም ብዙዎቻችን ሃንዳውቱን በእንግሊዝኛ እናነባለን፣ ማብራሪያውን በአማርኛ እንሰማለን፣ ጥያቄያችንንም በአማርኛ እንጠይቃለን።

ስለዚህ ተመርቆ የሚመጣልኝ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሪዲንጉ ቢ2፣ ሊሰኒንጉ ቢ1፣ ስፒኪንጉ ቢ1ን በጭንቅ የሚነካ ነው። "ደረጃዬ ስንት ነው?" ለሚለው አንድ መልስ የለም። አራት መልስ ነው ያለው። ሪዲንግ ለብቻው፣ ሊሰኒንግ ለብቻው፣ ራይቲንግ ለብቻው፣ ስፒኪንግ ለብቻው።

በነፃ የት ልለካ?

የብሪቲሽ ካውንስል ድረ ገጽ ላይ ነፃ የደረጃ መለኪያ አለ። ካምብሪጅም 25 ጥያቄ ያለው አጭር ምርጫ አለው፤ ለመነሻ ጥሩ ነው፣ ከዚያ በላይ ግን አትጠብቁበት። እኔ የምወደው ኢኤፍ ሴት የሚባለውን ነው። የ50 ደቂቃው ሪዲንግና ሊሰኒንግ ይለካል፤ የ90 ደቂቃው መጻፍና መናገርንም ይጨምራል።

ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብላችሁ አትሞክሩት። የማኪያቶ ማሽኑ ድምፅ ብቻውን አንድ እርከን ያወርዳችኋል። ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፣ ቤት ውስጥ ሁኑ፣ ጎግል አትክፈቱ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ባለ አሥር ጥያቄ ነገር ደግሞ እለፉት። መጨረሻው ሁሌም "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ሲ1 ናችሁ" ነው፤ ቀጥሎ ኮርስ ይሸጥላችኋል።

ኔቱም መብራቱም አያስተማምንም። ወረቀት ላይ ራሴን መለካት እችላለሁ?

አብሽሩ፣ ይቻላል። እንዲያውም መጻፍና መናገርን በተመለከተ ከብዙ ነፃ ፈተና ይሻላል። ከመጻፍ ጀምሩ። ርዕስ፦ "ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ዐረብ አገር መሄዱ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?" 40 ደቂቃ ያዙ። መዝገበ ቃላት የለም፣ ስልክ የለም። ስትጨርሱ ቃሉን ቁጠሩ። ከዚያ ቀይ እስክርቢቶ አንሱና ሌላ ነገር ልትሉ አስባችሁ፣ ቃል አጥታችሁ ወደ ቀላሉ የሸሻችሁበት ቦታ ሁሉ ላይ ነጥብ አድርጉ። ሌላ ሰው አያየውም፣ እናንተ ግን ታውቁታላችሁ። ገጹ በቀይ ከተሞላ ገና ቢ1 ላይ ናችሁ። "ዲስከስ አባውት"፣ "ኢንፎርሜሽንስ"፣ የተረሳች "ዘ" ብቻ ከሆነ ችግሩ ያን ያህል አትደንግጡ፤ ሐሳቡ እስከተያዘ ድረስ ቢ2ም ይሳሳታል። የሚያነበው ሰው "ምን ማለትህ ነው?" ካለ ግን ኤ2 ነው።

ለመናገር የስልካችሁ ድምፅ መቅጃ ይበቃል። አንድ ደቂቃ አስቡ፣ ሁለት ደቂቃ ተናገሩ። የአይኤልትስ ስፒኪንግ ሁለተኛ ክፍልም እንደዚሁ ነው። ርዕሱ ቡና ይሁን፤ ከመቁላት እስከ በረካ። እኔ የመጀመሪያዬን የቀዳሁት ከደሴ ኮምቦልቻ ስለሚወርደው መንገድ ነበር። ሃምሳኛው ሰከንድ ላይ "ጠመዝማዛ" ልል ፈለግኩ። ቃሉ የለም። "ዘ ሮድ ኢዝ... ዘ ሮድ ኢዝ ባድ" አልኩና ዝም። ዘጠኝ ሰከንድ ሙሉ የጎረቤት ዶሮ ብቻ ነው የሚሰማው። ቢ1 ማለት ይሄ ነው። ቢ2 የሆነ ሰውም ያንን ቃል ላያውቀው ይችላል። እሱ ግን "መንገዱ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይላል፣ እንደ እባብ" ብሎ ይዞራትና ጉዞውን ይቀጥላል። ቅጂያችሁን ስትሰሙ ስህተት መልቀሙን ተዉትና ቃል ሲጠፋችሁ ምን እንዳደረጋችሁ አዳምጡ።

ለማዳመጥ ኔት ባለበት ቀን ጽሑፉ አብሮት ያለ ድምፅ አውርዳችሁ አስቀምጡ። ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ ላይ ሞልቷል። አንድ ደቂቃ ሰምታችሁ የያዛችሁትን ጻፉ፣ ከዚያ ከጽሑፉ ጋር አስተያዩት። ለማንበብ ደግሞ አንድ ገጽ ውሰዱና የማታውቁትን ቃል ቁጠሩ። ከ100 ቃል አምስቱ ካመለጣችሁ ጽሑፉ ይከብዳችኋል። ዘና ብሎ ለማንበብ ከ100 ውስጥ 98ቱን ማወቅ ይፈልጋል።

ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ነው የማወራው። ከቢ2 በታች እሆናለሁ እንዴ?

በመናገር በታች አትሆንም ወንድሜ፤ ምናልባትም በላይ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከቱሪስት እየሰማ ያደገ ልጅ ጆሮውም አፉም ከመምህራን ይፈጥናል። እኔ ራሴ ቀንቼበት አውቃለሁ። ጣጣው መጻፉ ላይ ነው። የቤተ ጊዮርጊስን ታሪክ ለአምስት መቶኛ ጊዜ ስትናገር አፍህ ለምዶታል። ስለ ከተማ ቆሻሻ አወጋገድ 250 ቃል ጻፍ ስትባል ግን የለመደ አረፍተ ነገር የለህም።

ራስህን ልትፈትን ከፈለግክ የማታውቀው ርዕስ ላይ ሁለት ደቂቃ ተናገር። ስለ ባንክ፣ ስለ ትራፊክ፣ ስለ ስፖርት። እዚያም ከፈሰሰልህ ስፒኪንጉን ተወው፤ ጊዜህን በሙሉ ራይቲንግ ላይ አውለው።

ደረጃዬን አወቅኩ። በፈተና ስንት ማለት ነው?

አይኤልትስ ከ0 እስከ 9 ነው። ከ4 እስከ 5 ቢ1፣ ከ5.5 እስከ 6.5 ቢ2፣ ከ7 እስከ 8 ሲ1፣ 8.5 እና 9 ሲ2 ነው። ልብ በሉ፣ 5.5ም 6.5ም ቢ2 ይባላሉ፤ በመካከላቸው ግን የብዙ ወር ሥራ አለ። "ቢ2 ነኝ" ብሎ 6.5 ወደሚጠይቅ ቦታ መሮጥ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ቶፍል የሚባለው ሌላው የእንግሊዝኛ ፈተና ከ120 ነበር የሚታረመው። ከጥር 2026 ጀምሮ (በፈረንጆች) ከ1 እስከ 6 ሆኗል፦ 3 እና 3.5 ቢ1፣ 4 እና 4.5 ቢ2፣ 5 እና 5.5 ሲ1፣ 6 ሲ2። ለሽግግሩ ሁለት ዓመት የድሮው ውጤትም አብሮ ይጻፋል፤ ስለዚህ ወንድማችሁ ያመጣውን 88 ከናንተ 4.5 ጋር አታጋጩ። ዱዎሊንጎና ፒቲኢ የሚባሉ ፈተናዎችም አሉ፤ ዱዎሊንጎ ከ10 እስከ 160፣ ፒቲኢ ከ10 እስከ 90 ነው።

ታዲያ የትኛውን ልምረጥ?

መጀመሪያ የምትሄዱበትን ቦታ ገጽ አንብቡ። የማይቀበሉትን ፈተና በጥሩ ውጤት ማለፍ ዋጋ የለውም። ሁለትና ሦስት ከተቀበሉ ያኔ አራቱን ደረጃችሁን አውጡና እዩ። አይኤልትስ ላይ ስፒኪንጉ ከሰው ጋር ነው፤ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ታወራላችሁ። ሰው ፊት የሚፈታ አፍ ያለው፣ እንደ ላሊበላው ወንድሜ፣ እዚያ ይጠቀማል። ቶፍልና ፒቲኢ ላይ የምታወሩት ለኮምፒውተር ነው። ዓይን ሲያዩ ለሚርበተበቱ ይሻላል። ጣታችሁ ኪቦርድ ላይ ካልፈጠነ ግን ራይቲንጉ ላይ ዋጋ ትከፍላላችሁ።

ዱዎሊንጎ ቤት ሆናችሁ በካሜራ ፊት የምትፈተኑት ነው። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ውጤቱ በሁለት ቀን ይደርሳል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይረክሳል። ነፃ መለማመጃም አለው፤ ባትፈተኑትም ሞክሩት። ችግሩ ሁለት ነው። ሁሉም ቦታ አይቀበለውም፣ በተለይ ለቪዛና ለኢሚግሬሽን። ሌላው፣ ለአንድ ሰዓት የማይቆራረጥ ኔትና ማንም የማይገባበት ክፍል ይፈልጋል። እናታችሁ "ቡና ደርሷል" ብለው በሩን ከከፈቱ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አይኤልትስን ከመረጣችሁ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አካዳሚክ ለዩኒቨርሲቲ፣ ጄኔራል ትሬኒንግ በብዛት ለሥራና ለኢሚግሬሽን፣ ለምሳሌ ለካናዳ። ሊሰኒንጉና ስፒኪንጉ አንድ ነው፤ ሪዲንጉና ራይቲንጉ ይለያል። በጄኔራል ውጤት ዩኒቨርሲቲ ማመልከት ክራሩን በአምባሰል ቃኝቶ ባቲ እንደመዝፈን ነው።

ደሴ ላይ ሆኜ መፈተን እችላለሁ?

የቤት ውስጦቹን አዎ። ለአይኤልትስ ሰው የሚሄደው አዲስ አበባ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ሙሉ ቀን ይበላል። አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ፣ ሌሊት ተጉዞ ጠዋት ሊሰኒንግ መቀመጥ ራስን መቅጣት ነው። ፓስፖርታችሁንም ቀድማችሁ አውጡ።

ዲቪ ደርሶኛል። የእንግሊዝኛ ፈተና ያስፈልገኛል?

አያስፈልግም። ዲቪ የሚጠይቀው 12ኛ ክፍል መጨረስን ወይም ሥልጠና በሚፈልግ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድን ነው። "ያለ አይኤልትስ አይሰጡህም" ያላችሁ ሰው ምናልባት ሊያስጠናችሁ ፈልጎ ይሆናል።

ነርስ ነኝ፣ እንግሊዝ አገር መሥራት እፈልጋለሁ። አማካይ 7 ካመጣሁ ይበቃል?

አይበቃም እህቴ። የእንግሊዝ የነርሶች ምክር ቤት እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ነው የሚያየው። ሪዲንግ፣ ሊሰኒንግና ስፒኪንግ 7፣ ራይቲንግ 6.5። ለጤና ባለሙያ የተዘጋጀውን፣ ኦኢቲ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተናም ይቀበላል። ጥያቄው ስለ ሕመምተኛና ስለ ካርድ ስለሆነ ዎርድ ውስጥ ለዋለ ሰው ይቀርባል። የመለማመጃ ወረቀቱን አይተሽ ወስኚ።

ቢ1 ነኝ፣ 6.5 ይጠይቁኛል። በሁለት ወር ይደረሳል?

ካምብሪጅ የሚሰጠው ግምት አለ፦ ከዜሮ ተነስቶ ቢ1 ለመድረስ ከ350 እስከ 400 ሰዓት ትምህርት፣ ቢ2 ለመድረስ ከ500 እስከ 600። ልዩነቱን ቀንሱ፤ ከ150 እስከ 200 ሰዓት። በቀን ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ብታጠኑ ከ15 እስከ 20 ሳምንት ነው። ያውም ቢ2ን ለመያዝ። 6.5 የቢ2 ጣሪያ ነው።

"በ30 ቀን 7" የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው በዚህ መልስ ይቀየመኛል። የ30 ቀን ኮርስ የፈተናውን አሠራር ያስተምራል፤ ያም ይጠቅማል፤ ደረጃው 6.5 ደርሶ ፈተናውን ለማያውቅ ሰው። ቢ1ን ግን አያሻግርም።

ነፃው ፈተና ቢ2 ብሎኝ ነበር፤ አይኤልትስ ግን 5 ሰጠኝ። ማን ዋሸ?

ማንም። አንድ ተማሪዬ ያመጣውን ልደምርላችሁ። ሪዲንግ 6፣ ሊሰኒንግ 5.5፣ ራይቲንግ 4.5፣ ስፒኪንግ 4.5። ድምሩ 20.5። ለአራት ሲካፈል 5.125፣ ወደ ቅርቡ ግማሽ ሲጠጋ 5። ነፃው ፈተና የለካው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነበር፤ እነሱ እውነትም ቢ2 ናቸው። ሌሎቹ ሁለቱ ጎተቱት።

አሁን ራይቲንጉ 5 ቢሆን ኖሮ እንበል። ድምሩ 21፣ አማካዩ 5.25። አይኤልትስ .25ን ወደ ላይ ነው የሚያጠጋው፤ 5.5 ይሆን ነበር። በአንድ ክፍል ግማሽ ነጥብ ማለት ነው። ስለዚህ ልጁን "እንግሊዝኛ አጥና" አላልኩትም። ለሦስት ወር በየቀኑ አንድ አንቀጽ አስጻፍኩት።

ውጤቴ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አሁንም ይሠራል?

አይኤልትስም ቶፍልም ዱዎሊንጎም ሁለት ዓመት ነው የሚቆዩት። ከዚያ በኋላ ተቀባዩ አይቀበልም። ለዚህ ነው "ለማንኛውም ልያዘው" ብሎ ቀድሞ መፈተንን የማልወደው። ስኮላርሺፑ ሲከፈት ወረቀቱ ያረጃል። ደረጃችሁን በቤት መለኪያ በየስድስት ወሩ እዩ፤ ማመልከቻው ሲቀርብ ተመዝገቡ።

ዩኒቨርሲቲዬ በእንግሊዝኛ እንዳስተማረኝ ደብዳቤ ቢጽፍልኝ ፈተናው ይቀርልኛል?

አንዳንድ ቦታ አዎ። የከፍተኛ ትምህርታችን ማስተማሪያ እንግሊዝኛ ስለሆነ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህን የሚቀበሉ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ የማይቀበሉም አሉ። ገጻቸው ላይ ግልጽ ካልሆነ ኢሜይል ጻፉላቸው፤ መልሱንም አስቀምጡት። ዩኒቨርሲቲው ተቀበለ ማለት ኤምባሲው ተቀበለ ማለት አለመሆኑንም አትርሱ። ሁለቱን ለየብቻ ጠይቁ።

ደብዳቤው ፈተናውን ያስቀርላችኋል፣ ሌክቸሩን አያስቀርላችሁም። አንድ ልጅ በደብዳቤ ብቻ ገብቶ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ስለካው ሊሰኒንጉ ቢ1 ነበር፤ ነግሬዋለሁ፣ ስቋል። በመጀመሪያው ሳምንት ድምፅ ላከልኝ፦ "ጋሼ፣ ሌክቸሩን እየቀዳሁ ማታ ማታ ሦስቴ ነው የምሰማው። አንደኛው ላይ ቀልድ አለ መሰለኝ፣ ሁሉም ይስቃሉ። እስካሁን አልያዝኩትም።"